ከእይታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የሬቲና ምርመራ

ከእይታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የሬቲና ምርመራ ማለት፣ መነጽር ወይም ኮንታክት ሌንስ ለመተው ሲል ላሲክን የመሰለ ሕክምና የሚፈልግ ሰው፣ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት የዓይኑ የኋላ ክፍል የሚታይበት ምርመራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዓይኑን የብርሃን መግቢያ በጠብታ በማስፋት ይካሄዳል። የሚያካሂደውም የዓይን ሐኪም ወይም የሬቲና ስፔሻሊስት ነው።

የላሲክ ሌዘር የሚነካው በዓይን ፊት ለፊት ያለውን ኮርኒያ ብቻ ነው። ሬቲና ያለው ግን በስተኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ታካሚዎች ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይጠይቃሉ። ግንኙነቱ ይህ ነው፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ማዮፒያ ያለባቸው ናቸው፤ ማዮፒያ ያለበት ዓይን ደግሞ ሬቲናው ከሌላ ሰው ይልቅ ለመቀደድና ለመላቀቅ የተጋለጠ ነው። ሌዘሩ መነጽሩን ያስጥላል እንጂ ይህን ተጋላጭነት አያስወግድም።

ስለ ቃላት አጠቃቀም

በአማርኛ «የዓይን ብሌን» የሚለው ስም አንድ ወጥ ትርጉም የለውም። በተለምዶ በዓይን መሐል ለሚታየው ጥቁር ክብ ይነገራል። በዓይን ባንክ የልገሳ ቅስቀሳ ላይ ግን ከሟች ተወስዶ ለሌላ ሰው የሚተከለውን ኮርኒያን ያመለክታል። ግራ እንዳያጋባ በዚህ ጽሑፍ በፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ፣ ብርሃን የሚገባበት ጥቁር ቀዳዳ ደግሞ ፑፒል ተብሏል።

ረጅም ዓይንና የተለጠጠ ሬቲና

ዓይን ብዙ ጊዜ በካሜራ ይመሰላል። ኮርኒያና ከኋላው ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ብርሃኑን ያጥፋሉ፤ ሬቲና ምስሉን ተቀብሎ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል። ከጠቅላላው የዓይን የማጠፍ ኃይል፣ ማለትም ወደ 60 ዳይኦፕተር ከሚጠጋው ውስጥ፣ ወደ 43 የሚሆነው የኮርኒያ ድርሻ ነው። ሌዘሩ ኮርኒያ ላይ እንዲሠራ የተመረጠው ለዚህና በቀላሉ ስለሚደረስበት ነው።

ማዮፒያ ማለት ቅርብ ያለው ነገር በደንብ እየታየ ሩቁ የሚደበዝዝበት የእይታ ችግር ነው። የመነጽሩ ቁጥር በማይነስ ይጻፋል። በአብዛኛው የሚመጣው የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ሲረዝም ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ ወደ 24 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዚህ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር በግምት ከ2.5 እስከ 3 ዳይኦፕተር ማዮፒያ ያስከትላል። ስለዚህ ማይነስ 6 መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይን ብዙውን ጊዜ ወደ 26 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከዚህ ቁጥር በላይ ያለው ከፍተኛ ማዮፒያ ይባላል።

ዓይኑ ሲረዝም ሬቲናው አብሮ አይበዛም። የነበረው ይለጠጣል፤ በተለይም ጠርዝ ጠርዙ ይሳሳል። ከሬቲናው ፊት ያለውን የዓይን ክፍተት የሚሞላው ቪትረስ የተባለ ዝልግልግ ነገር በዕድሜ ብዛት እየቀጠነ ሄዶ ከሬቲናው ይለያል። በማዮፒያ ዓይን ይህ መለየት ቀደም ብሎ ይመጣል። ቪትረሱ ሲለይ አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ የተጣበቀ ከሆነ ስሱን ሬቲና ይዞ ይስበዋል፤ ይቀድደዋልም። በቀዳዳው በኩል ፈሳሽ ሲገባ ሬቲናው ከተለጠፈበት ግድግዳ እየተነሣ ይሄዳል። የሬቲና መላቀቅ የሚባለው ይህ ነው። በጊዜ ካልታከመ ዓይነ ስውርነት ያስከትላል።

የሬቲና መላቀቅ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ብዙ የሚያጋጥም ሕመም አይደለም፤ በዓመት ከ10,000 ሰዎች 1 ሰው ገደማ ይይዛል። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ግን ከማይነስ 1 እስከ ማይነስ 3 ያላቸው ሰዎች ተጋላጭነት ማዮፒያ ከሌላቸው በ4 እጥፍ ያህል፣ ከማይነስ 3 በላይ የሆኑት ደግሞ በ10 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አመልክቷል።

ሌዘሩ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚለውጠው ምን ያህሉን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 6 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ሲሠራ፣ ለአንድ ዳይኦፕተር ማስተካከያ ወደ 12 ማይክሮን የሚሆን የኮርኒያ ሥጋ ይነሣል። ለማይነስ 6 ይህ ወደ 72 ማይክሮን ይመጣል፤ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዓይኑ የረዘመው ግን በ2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከፊት በኩል 72 ማይክሮን ተነሥቶ ምስሉ ቦታውን ያዘ፤ ከኋላ ያለው የ2 ሚሊሜትር መለጠጥ ግን እንዳለ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው ሰው በሬቲናው በኩል አሁንም የማይነስ 6 ሰው ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል

መጀመሪያ የሚቀድመው ጥያቄ ነው። ሐኪሙ የቆየ የመነጽር ቁጥርን፣ በቤተሰብ ውስጥ ሬቲናው የተላቀቀበት ሰው መኖሩን፣ በዓይን ላይ የደረሰ ምትን፣ የስኳር ሕመምን፣ ብልጭታ ወይም ተንሳፋፊ ጥላ መታየቱን ይጠይቃል። የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይጠየቃሉ። ለምሳሌ ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የሬቲናን መካከል ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ የእይታ መጠን ይለካል። በዚህ ደረጃ ላይ በጣም ቀላል ነገር ግን ብዙ የሚናገር ፈተና አለ፤ ታካሚው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ሠንጠረዡን እንዲያነብ ይደረጋል። ፊደሎቹ ከጠሩለት የእይታ ጉድለቱ የመነጽር ጉዳይ ነው፤ ሌዘርም ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል። በቀዳዳውም በመነጽርም ካልጠሩለት ምክንያቱ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ሬቲናው ወይም የዓይን ነርቩ ላይ ነው። ሌዘር ደግሞ መነጽር ከሚያሳየው አብልጦ ማሳየት አይችልም። በመነጽር ግማሽ ሠንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው ከላሲክ በኋላም የሚያነበው ያንኑ ግማሽ ነው።

ከዚያ ፑፒልን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል። በብዛት የሚሠራበት ትሮፒካማይድ ነው፤ ፌኒልኤፍሪን የሚባለው አብሮት ሊጨመር ይችላል። ሐኪሙ ከጠብታው በፊት በዓይኑ ፊት ለፊት የፈሳሽ መውጫው ማዕዘን ጠባብ አለመሆኑን ያያል፤ ጠባብ በሆነ ዓይን ላይ ጠብታው የዓይን ግፊትን በድንገት ሊያንር ይችላል። ፑፒሉ እስኪሰፋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ብርሃንም ያስቸግራል። መኪና ማሽከርከር አይመከርም፤ የፀሐይ መነጽር ይዞ መሄድ ግን ይረዳል። ሳይክሎፔንቶሌት የሚባለው ጠንከር ያለ ጠብታ ሲሆን ውጤቱ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጠብታ ዓይን ለማተኮር የሚያደርገው ጥረት ስለሚታገድ እውነተኛው የመነጽር ቁጥርም በዚያው ይለካል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ በስሊት ላምፕ፣ 78 ወይም 90 ዳይኦፕተር የሆነች ትንሽ ሌንስ በዓይኑ ፊት ይዞ፣ የሬቲናውን መካከልና የዓይን ነርቩን መውጫ ይመለከታል። ከዚያ በግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ያለውን ኦፍታልሞስኮፕ አድርጎ በ20 ዳይኦፕተር ሌንስ ጠርዙን ይዞራል። ታካሚው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲመለከት ይታዘዛል። የመጨረሻው ጠርዝ እንዲታይ ከዐይነ ቆብ በላይ በአንዲት ትንሽ የብረት መሣሪያ ዓይኑ ቀስ ተደርጎ ይጫናል። ይህ ክፍል ደስ አይልም፤ ጎላ ያለ ሕመም ግን የለውም። የሬቲና መቀደድ የሚጀምረው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በጠርዙ ስለሆነ ይህን ክፍል ዘሎ «ሬቲናው ታይቷል» ማለት አያስኬድም።

እንደ አስፈላጊነቱ ኦሲቲ በሚባለው መሣሪያ የሬቲናው መካከል በንብርብር ይታያል። መሣሪያው በብርሃን የሚሠራ ሲሆን በማይክሮን ደረጃ ያለ እብጠትን ወይም ስስ ሽፋንን ይለያል። ሐኪሙ በሌንስ አይቶ ጤናማ የመሰለው መካከል በኦሲቲ ሲታይ ችግር የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ከቅድመ ምርመራው በፊት ለስላሳውን ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ደግሞ ከዚያ ለረዘመ ጊዜ እንዲያቆሙ ይነገራቸዋል። ይህ ለኮርኒያ ልኬት ሲባል እንጂ ለሬቲናው አይደለም።

ምን ሊገኝ ይችላል

ላቲስ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። በሬቲናው ጠርዝ ላይ የሳሳ፣ አንዳንዴ ነጫጭ መስመሮች የተጠላለፉበት ረዘም ያለ ጠባሳ መሰል ቦታ ሲሆን ስሙም ከእነዚህ ፍርግርግ መሰል መስመሮች የመጣ ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ6 እስከ 10 በመቶ በሚሆነው ላይ ይገኛል፤ በማዮፒያ ዓይን ደግሞ ይበዛል። ቪትረሱ በላቲሱ ዳርና ዳር አጥብቆ ስለሚጣበቅ መቀደድ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሣል። ሆኖም ላቲስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሬቲናቸው ሳይላቀቅ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ይህ ከታች ለሚጠቀሰው ክርክር መነሻ ነው።

በላቲስ ውስጥ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቅድ ነው። በዚህ ቅድ ላይ ቪትረሱ የሬቲናውን ምላስ ይዞ እየጎተተ ነው ማለት ነው፤ በተለይ ብልጭታ ወይም አዲስ ተንሳፋፊ ጥላ ከታየ በቶሎ መታከም አለበት። በሌላ በኩል በጠርዙ የሚታዩ፣ የሚያስፈሩ መስለው ምንም የማያመጡ ነገሮችም አሉ። የጠርዝ ድንጋይ ንጣፍ የመሰሉት ነጣ ነጣ ያሉ ክብ ቦታዎች ከእነዚህ ናቸው።

በከፍተኛ ማዮፒያ የሬቲናው መካከል ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ከሬቲናው በታች ያለው ሽፋን በመለጠጥ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ በኩል ደም የሚያፈስሱ ቀጫጭን ሥሮች ሊበቅሉ ይችላሉ። ይህ የተገኘበት ሰው የሚያስፈልገው ሌዘር ሳይሆን በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው።

በወጣት ወንዶች ላይ አልፎ አልፎ የሚገኘው ሌላው ችግር በሬቲናው መካከል ሥር ፈሳሽ የሚቋጠርበት ሕመም ነው። ከስቴሮይድ መድኃኒት ጋር ግንኙነት አለው። ከሌዘር በኋላ፣ በተለይ ከፒአርኬ በኋላ፣ የስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ስለሚታዘዝ ይህ ታሪክ ያለው ሰው አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲና፣ በውርስ የሚመጣ የሌሊት ዕውርነት፣ በግላኮማ የተጎዳ የዓይን ነርቭም በዚሁ ምርመራ ይገኛሉ። ግላኮማ በተለይ አሳሳቢ ነው፤ ኮርኒያው በሌዘር ከሳሳ በኋላ የዓይን ግፊት ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ሕመሙ ሊደበቅ ይችላል።

ውጤቱ ውሳኔውን እንዴት ይለውጣል

አብዛኛው ሰው ምርመራውን አልፎ ወደ ቀዶ ሕክምናው ይሄዳል። ችግር ሲገኝ ደግሞ ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል ማለት አይደለም። የፈረስ ኮቴ ቅድ ከተገኘ በቅዱ ዙሪያ በሌዘር ነጠብጣቦች ይተኮሳል። ይህ ሌዘር ኮርኒያን ከሚቀርጸው የተለየ ነው፤ ሬቲናውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ጋር በጠባሳ ያጣብቀዋል። ጠባሳው እስኪጠነክር ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ላሲኩ የሚቀጠረው ከዚያ በኋላ፣ ሬቲናው እንደገና ታይቶ ነው።

አከራካሪው ምልክት የማያሳይ ላቲስ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ለጥንቃቄ ከላሲክ በፊት በሌዘር ያጥሩታል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ግን ምልክት የሌለውን ላቲስ በአጠቃላይ ማከም አያስፈልግም የሚል ነው። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፤ ከላቲስ ጋር የሚመጣው መላቀቅ አንዳንዴ የሚነሣው ላቲስ ካልነበረበት፣ ሐኪሙ ሊያጥረው ከማይችል ደህና ከሚመስል ቦታ ነው። ስለዚህ የታጠረ ላቲስ ለታካሚው የተሟላ ዋስትና አይደለም፤ «ሌዘር ተደርጎልኛል» ብሎ ብልጭታን ችላ እንዲል ካደረገው ጭራሽ ይጎዳዋል። አንደኛው ዓይን ቀደም ብሎ ሬቲናው ተላቅቆ ከነበረ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ታሪኩ ካለ ሚዛኑ ወደ ማከም ያጋድላል።

የሕክምናው ዓይነትም በሬቲናው ሁኔታ ሊቀየር ይችላል። በላሲክ ጊዜ የኮርኒያውን ክዳን ለመቁረጥ ዓይኑ በመምጠጫ ቀለበት ይያዛል። በዚያ ቅጽበት፣ በተለይ ምላጭ ባለው መሣሪያ ሲሠራ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከ65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ይወጣል፤ ጤናማው ከ10 እስከ 21 ነው። ይህ ድንገተኛ መጨመቅና መለቀቅ ቪትረሱን ሊስበው ይችላል የሚል ሥጋት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር። ከላሲክ በኋላ የተከሰቱ የሬቲና መላቀቆችን የቆጠሩ ጥናቶች ግን ቁጥሩ በማዮፒያ ዓይን ላይ ያለ ቀዶ ሕክምናም ከሚጠበቀው በግልጽ የሚበልጥ ሆኖ አላገኙትም። ፒአርኬ መምጠጫ ቀለበት ስለሌለው አንዳንድ ሐኪሞች ሬቲናው ደካማ በሆነ ሰው ላይ እሱን ይመርጣሉ።

ቁጥሩ ለሌዘር የበዛ ሰው በዓይኑ ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ ሊገባለት ይችላል፤ አይሲኤል የሚባለው አንዱ ነው። የተፈጥሮ ሌንሱን አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት የሚባለው አማራጭ ግን ከሬቲና አንጻር ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የተፈጥሮ ሌንስ መውጣት ቪትረሱን ስለሚያነቃንቀው፣ ረጅም ዓይን ባለው ወጣት፣ በተለይም በወንድ ላይ፣ የመላቀቅ አደጋ በግልጽ ይጨምራል።

ታሪክ

የሕያው ሰው ሬቲና ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የታየው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ኦፍታልሞስኮፕን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ሆኖም መላቀቅን ማየት ተቻለ እንጂ ማዳን አልተቻለም ነበር። በ1920ዎቹ የስዊዘርላንዱ ዡል ጎናን የመላቀቅ መነሻው ቅዱ መሆኑን፣ ቅዱ ከተዘጋም ሬቲናው እንደሚመለስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቅዱን ፈልጎ ማግኘት የሕክምናው ግማሽ ሆነ።

ጠርዙን በሁለት ዓይን እያዩ መመርመር የተቻለው በቤልጂየማዊው ቻርልስ ስኬፐንስ ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኬፐንስ በፒሬኒስ ተራሮች ሥር በሐሰት ስም የእንጨት መሰንጠቂያ እያንቀሳቀሰ ሰዎችን ከናዚ ይዞታ ወደ ስፔን ያሻግር ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ በግንባር ላይ የሚታሰረውን ኦፍታልሞስኮፕ ሠራ፤ በኋላም ቦስተን ሄዶ የሬቲና ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገ። ዛሬ በላሲክ ክሊኒኮች የሚታየው የራስ መብራት ከዚያ የመጣ ነው። በ1949 ጀርመናዊው ጌርሃርድ ማየር-ሽቪከራት የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ተጠቅሞ ሬቲናን መተኮስ ጀመረ። የዛሬው ሌዘር ማጠሪያ የዚያ ውጤት ነው።

የእይታ ማስተካከያው ራሱ ለጋ ነው። ስፔናዊው ሆሴ ኢግናሲዮ ባራኬር በቦጎታ ኮርኒያን መቅረጽ የሚቻል መሆኑን ካሳየ ከዓመታት በኋላ፣ ኤክሳይመር ሌዘር በ1980ዎቹ በዓይን ላይ ተሞከረ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ሌዘር ለፒአርኬ የፈቀደው በ1995 ነው።

ካሜራና ኮምፒውተር

ፑፒል ሳይሰፋ የሬቲናን ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች በመበራከታቸው ጠብታው ሊቀር ይችላል የሚል ሐሳብ ይነሣል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። የተለመደው ካሜራ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ ያነሣል፤ ይህ መካከሉንና የዓይን ነርቩን ይይዛል፤ ጠርዙን ግን አይነካም። ሰፊ ማዕዘን ያላቸው አዳዲስ ካሜራዎች እስከ 200 ዲግሪ ይደርሳሉ። ያም ሆኖ የላይና የታች ጫፎች በዐይነ ቆብና በሽፋሽፍት ይሸፈናሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ወደዚህ ገብቷል። በ2018 የአሜሪካው አስተዳደር በስኳር ሕመም የሚመጣን የሬቲና ጉዳት ያለ ሐኪም የሚለይ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ፈቀደ። ፕሮግራሙ የተፈቀደው ለዚያ አንድ ሕመም ነው። በመካከለኛ ፎቶ የሠለጠነ ፕሮግራም «ችግር የለም» ሲል ስላየው ክፍል እየተናገረ ነው፤ በፎቶው ውስጥ ስለሌለው ጠርዝ የሚለው ነገር ሊኖር አይችልም። ማንኛውንም እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ የላሲክ ተመዝጋቢ ፎቶው እስከ የት እንደሚደርስ መጠየቅ አለበት።

በኢትዮጵያ

የዓይን ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑት አንጋፋ ተቋማት አንዱ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ነው። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም የዓይን ሕክምና ክፍል አላቸው። ጎንደር ኦፕቶሜትሪስቶችንም ያሠለጥናል። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ያለባት አገር ስለሆነች ትኩረቱ ለረጅም ጊዜ በትራኮማና በዓይን ሞራ ላይ ነበር። ትራኮማ በኮርኒያ ላይ የሚተወው ጠባሳ በራሱ ከላሲክ የሚያስቀር ከመሆኑም በላይ ሐኪሙ ሬቲናውን ጥርት አድርጎ እንዳያይ ያግዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የዓይን አልትራሳውንድ ይረዳል።

ለሕክምናው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ወይም ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ቅድመ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ሊቀጠርላቸው ይችላል። ችግሩ ቅድ ቢገኝ ያለው የጊዜ ጥበት ነው፤ ማጠሪያው ሌዘር ጠባሳው እስኪይዝ መጠበቅን ይጠይቃል፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ግን አይጠብቅም። የሬቲና ምርመራውን ከጉዞ በፊት ባሉበት አድርጎ ውጤቱን ይዞ መሄድ ይህን ያቃልላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ሦስት ምልክቶች በዚያኑ ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ያስኬዳሉ፦ በጨለማም የሚታይ እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም የሸረሪት ድር መሰል ጥላ፣ እንዲሁም ከእይታ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ መጋረጃ የሚገባ ጨለማ። ሕመም የለም። ዓይኑም አይቀላም። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው፤ በተለይ በቅርቡ ላሲክ የተደረገለት ሰው «የቀዶ ሕክምናው ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ቀናት ያሳልፋል። መላቀቁ የሬቲናውን መካከል ከመድረሱ በፊት የታከመ ሰው እይታው በአብዛኛው ይተርፋል፤ መካከሉ ከተላቀቀ በኋላ የሚመለሰው እይታ ይቀንሳል።

ሕክምናው በዓይን ውስጥ ጋዝ በማስገባት፣ ዓይኑን ከውጭ በሲሊኮን በማጥበቅ ወይም ቪትረሱን በማውጣት ይከናወናል። ጋዝ የገባለት ሰው ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም፤ የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይሰፋና ዓይኑን ያስጨንቀዋል። ከቆላ ወደ ደጋ በመኪና መውጣትም ያው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚመለስ ታካሚ ጉዞውን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ላሲክ የተደረገለት ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ ሐኪም ቢሄድ መነጽር አያደርግም፤ ቁጥሩም ዜሮ ነው። ሐኪሙ ከፊቱ ያለው ሰው ማይነስ 8 እንደነበረ የሚያውቀው ከተነገረው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው የመነጽር ቁጥር፣ የዓይኑ ርዝመትና የኮርኒያ ልኬት የተጻፈበት ወረቀት በታካሚው እጅ መቀመጥ አለበት። ወረቀቱ በእርጅና የዓይን ሞራ ሲመጣም ይፈለጋል፤ የሚተከለው ሌንስ ቁጥር የሚሰላው ኮርኒያው ከመቀረጹ በፊት በነበረው ልኬት ታግዞ ነው። ከፍተኛ ማዮፒያ የነበረበት ሰው ያለ መነጽር ቢያይም በየዓመቱ ፑፒሉ ሰፍቶ ሬቲናው እንዲታይለት ሐኪሞች ይመክራሉ።